ለፍሪጅ ጋዝ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጋሼ ከሱቄ ሥጋ አንድ ጉርሻ እንኳን ቀምሰው አያውቁም። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኔ የምሸጠው የእስላም ሥጋ ነው። ሀገር ቤት እያለን አንዳችን የሌላችንን እርድ አንበላም ነበር፤ አሜሪካ ስንገባ ስንቱን ነገር ስንጥል ይቺን ግን አልጣልናትም። እንዲህም ሆኖ ጋሼ ከሱቄ ቀርተው አያውቁም። መሀል አትላንታ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ በጠባብ የመስታወት ዳስ ውስጥ ብቻቸውን ትኬት ሲቆርጡ ይውሉና፣ ከሥራ ሲወጡ በባቡር ይመጣሉ። ሽሯቸውን ይገዛሉ፣ ከአባባ ጋር ይቀመጣሉ፣ የተሰቀለውን ሥጋ እያዩም «ደህና ሙክት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ለእኔ አልተባረከ» ይላሉ።

«ቅመሱዋ፣ ማን ያያል!» ይሏቸዋል አባባ።

«እርስዎ ያያሉ» ይላሉ ጋሼ። ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ይቺን ቀልድ በየሳምንቱ ይደግሟታል፣ በየሳምንቱም እንደ አዲስ ይስቁባታል።

አባባ የባሌ አባት ናቸው። ልጃቸው ከኮምቦልቻ አስመጥቷቸው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ቤት መቀመጥ ስለማይሆንላቸው ጠዋት ከእኔ ጋር ሱቅ ይገባሉ፣ ጥግ ላይ ወንበራቸውን ይዘው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፣ ገቢ ወጪውን ሁሉ ይመርቃሉ። እንግሊዝኛ አንድም ቃል አያውቁም። ደንበኛው ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ነው የሚወደው፤ እኔ እንኳን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፊቴ ቶሎ ይጠቁራል።

ሱቁን የከፈትነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በዲቪ ከመጣን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። ቦታው በዲኬተርና በታከር መሀል ያለች ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቿ ክፉ አላደረጉብኝም፣ ዛሬም ደንበኞቼ ናቸው። ከልብስ ማጠቢያ ቤትና ከጥፍር ቤት መሀል ተወሽቀን፣ እኔ ሥጋ ስቆርጥ ባሌ ታክሲ ሲነዳ እንውላለን። ከሱቁ ኋላ ኩለር አለ፤ ሰው ቆሞ የሚገባበት፣ አንድ በሬ ተገንጥሎ የሚሰቀልበት ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ሰውዬ ዓሣ ነጋዴ ስለነበር ኩለሩን ከነሽታው ነው የወረስነው። ስንት በረኪና ፈጀሁበት! ሽታው ለቀቀ፣ ማሽኑ ግን ያው አሮጌው ማሽን ነው፤ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያቀዘቅዛል።

የሱቁ ነፍስ ያ ኩለር ነበር። በተለይ ለአረፋ። ወገኖቻችን ከኮንየርስ ወዲያ ያለ እርሻ ሄደው በጓን ይገዛሉ፣ እዚያው ያርዳሉ፣ ከዚያ ግን ሥጋውን የት ያድርጉት? አፓርታማ ውስጥ በግ አይሰቀል። ይዘውት ወደ እኔ ይመጣሉ። እሰቅልላቸዋለሁ፣ እበልትላቸዋለሁ፣ ለቤት፣ ለዘመድ፣ ለድሃ ብዬ እከፋፍልላቸዋለሁ። ያን ሳምንት የገባው ገቢ ነበር ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ወር ሁሉ የሚያሻግረን።

ታዲያ በአንድ ክረምት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ የከተማው ኢንስፔክተር መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ነጭ ሰውዬ ነው። ከሱቁ ኋላ ዞሮ ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ብረት አነበበና አንገቱን ነቀነቀ። ውስጡ ያለው ጋዝ የድሮው ነው አለኝ። ያ ጋዝ ሾልኮ ሲወጣ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ የሚጠብቀንን የሰማይ ሽፋን ይበሳል፤ ስለዚህ የከተማዋ ምክር ቤት በከተማዋ ክልል ማንም ሱቅ በዚህ ጋዝ እንዳይሠራ ደንብ አውጥቷል። ካልቀየርኩ ኩለሩ ይዘጋል።

«ሥጋዬ በረደ አልበረደም?» አልኩት በእንግሊዝኛዬ።

«በርዷል» አለኝ።

«እንግዲያ!» አልኩና የቀረውን በአማርኛ ጨረስኩለት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም። አባባ ከጥግ «ኧረ በሕግ አምላክ፣ ሰውዬው እንግዳ ነው!» ብለው ተቆጡኝ። ኢንስፔክተሩ ትእዛዙን በሩ ላይ ለጠፈልኝ። ኩለሩ የሚዘጋበትን ቀን ፈልጌ አነበብኩ። አረፋ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው።

ኩለሩን የሚጠግንልን መካኒክ አፉ የማያርፍ የመርካቶ ልጅ ነው። ወዲያው ጠራሁት። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየና «እቴ፣ ይሄ አዲሱን ጋዝ አይቀበልም» አለኝ። «ሙሉውን ሪፕሌስ ማድረግ ነው፤ ኮምፕረሰሩንም፣ ቱቦውንም፣ ምኑንም።» ያን ያህል አቅም እንደሌለን እሱም ያውቃል።

ከዚያ እንደማጽናኛ አድርጎ ዕቃ ከሚገዛበት መደብር የሰማውን ወሬ አመጣልኝ። የፌዴራሉ መንግሥት ጋዙ እንደ አዲስ እንዳይመረት ነው የከለከለው እንጂ፣ ያለውን አትጠቀሙ አላለም። ከተሞች ግን እንደ እኛዋ ከተማ በራሳቸው መከልከል ጀመሩ። አሁን የጆርጂያ ምክር ቤት ሕግ ሊያወጣ ነው፤ ፌዴራሉ የፈቀደውን ጋዝ ከተማም ሆነ ካውንቲ በራሱ ደንብ ሊከለክል አይችልም የሚል።

«ካለፈ ያ ረጅሙ ሰውዬሽ እጁ ይታሰራል» አለኝ።

«መቼ?»

«እሱ ነው ችግሩ። ቢያልፍም ሥራ ላይ የሚውለው ጁላይ ነው።»

አረፋ በማርች፣ ሕጉ በጁላይ! ከአረፋ እስከ ጁላይ ሱቅ ዘግቶ የቤት ኪራይ የሚከፍል ማን ነው?

«ለማንኛውም ሂሪንግ አለው» አለ መካኒኩ። «የፈለገ ሰው ቀርቦ መናገር ይችላል። ከከተማውም መጥተው ይቃወማሉ፤ ያንቺው ሰውዬ ራሱ ሳይመጣ አይቀርም።»

አባባ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ቆይ እስቲ» አሉ። «ሁለቱም ወገን ይቀርባል?»

«ይቀርባል አባባ።»

«መሀል ላይ ቁጭ ብሎ የሚሰማ አለ?»

«አለ፤ ኮሚቴ ይባላል።»

«ታዲያ ሽምግልና ነዋ!» አሉ። ፊታቸው በራ። «እስከ ዛሬ ምን ቆይታችሁ ነው ያልነገራችሁኝ?»

አይደለም አባባ፣ ይሄ ፖለቲካ ነው፣ የሕግ አወጣጥ ነው፣ እዚያ የሚታረቅ ሰው የለም ብዬ ብናገር ማን ይስማኝ። ባሌም ለመናቸው፤ «አባዬ፣ እዚህ ሀገር እንዲህ አይደረግም» አላቸው። «እዚህ ሀገር ሰው አይጣላም?» አሉት። ይጣላል። «ከተጣላ ይታረቃል» አሉና ጨረሱ።

ሽማግሌ ደግሞ ብቻውን አይላክም። እኛ ወሎ ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ሼሁም ቄሱም አንድ ላይ ነው የሚቆሙት። ስለዚህ አባባ ጋሼን ጠየቋቸው። አቢይ ጾም ነበር። ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በሁዳዴ? ለሥጋ? የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል!» አሉ። በማግስቱ ግን ፈረቃቸውን ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ተቀያይረው፣ ጋቢያቸውን አስተኩሰው መጡ።

በባቡር ሄድን። የምክር ቤቱ ሕንፃ ጉልላቱ በወርቅ የተለበጠ ነው፤ አባባ ቀና ብለው አይተው «ማሻ አላህ፣ ሰዎቹ ደህና ቤት ሠርተዋል» አሉ። ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ክፍል ክራቫት ባሰሩ ሰዎች ተሞልቷል። የትልልቅ ሱፐርማርኬቶች፣ የጋዝ ፋብሪካዎችና የኮንትራክተሮች ጠበቆች ናቸው። በዚያ ሁሉ ጥቁር ኮት መሀል አባባ በነጭ ጀለቢያና በኮፍያቸው፣ ጋሼ በሱፋቸው ላይ ጋቢ ደርበው ሲገቡ ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ በሀፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በር ላይ ያለችው ጸሐፊ ወረቀት ሰጠችኝ። «ድጋፍ ነው ተቃውሞ?» አለችኝ። ለአባባ ተረጎምኩላቸው።

«ማስታረቅ በያት» አሉ።

«ማስታረቅ የሚል የለውም አባባ።»

«ታዲያ ይጨምሩበት እንጂ፣ ወረቀት አጠራቸው?»

ድጋፍ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩና ለእሳቸው ሳልነግራቸው መለስኩላት።

ጠበቆቹ አንድ በአንድ ተናገሩ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ተነሣ፤ ያው አንገቱ እንደተቆለፈ ነው። ንግግሩን ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው እየተረጎምኩላቸው ነበር። እኛ ትንሽ ከተማ ነን አለ፤ የምንችለው ትንሽ ነው፤ ሰማይ ላይ በምንበሳው ቀዳዳ ሥር የሚኖሩት ልጆቻችን ናቸው፤ ቢያንስ በራሳችን ጓሮ የምንወስነውን ነገር ከእጃችን አትውሰዱብን። ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንደ ጠበቆቹ የለመደበት ሰው አይደለም። አባባ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙትና «ሰውዬው ክፉ አይደለም» አሉኝ። እኔ ገና ደሜ እንደፈላ ነው።

የእኛ ተራ ደረሰ። ሦስታችንም ወደ ጠረጴዛው ቀረብን። ሰብሳቢዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ አነጋገሯ የተረጋጋ ሴት ናት። «እባካችሁ ተቀመጡ» አለች።

«አንቀመጥም» አሉ አባባ።

ሰብሳቢዋ ያልሰሙ መስሏት ወንበሩን በእጇ አሳየቻቸው። አባባ ቆሙ። ጋሼም ቆሙ። የእኛ ሀገር ሰው መቼም ይህን ያውቃል፤ ለልጅ የሄደም፣ ለደም የሄደም ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም። ለጆርጂያ ምክር ቤት ግን ይህን ማን ነግሮት! «አባባ፣ ኧረ በአላህ ይቀመጡ» ብዬ በቀስታ ለመንኳቸው። «ዝም በይ፤ ወግ አታበላሺ» አሉኝ።

«እመቤት፣ ለምንድን ነው የማይቀመጡት?» አለችኝ ሰብሳቢዋ። ምን ላድርግ፣ እንዳለ ነገርኳት፤ ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ የጠየቀውን ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ባህላችን ነው አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለችና «እንግዲያው በአጭሩ ይሁን፤ እኛም ለምሳ እንድንደርስ» አለች።

አባባ ግን ከእሷ ጋር ጉዳይ የላቸውም። «እሷ ምን በደለችን? ያ ረጅሙ የት ነው?» አሉኝ። ሳላሳያቸው ራሳቸው አገኙት። ለኮሚቴው ጀርባቸውን ሰጡና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወደተቀመጠው ኢንስፔክተር ዞሩ።

«ልጄ» አሉት። «ከአንተ ጋር ነው የተጣላነው፣ ከአንተ ጋር ነው የምንነጋገረው። አንተ የተከራከርከው ለሰማይ ነው፤ ጥሩ አደረግህ። ይህች ልጅ ደግሞ ለልጆቿ ጉሮሮ ነው፤ እሷም አላጠፋችም። ሁለታችሁም ደህና ነገር ይዛችሁ መጣላታችሁ አንጀቴን በላው። ጊዜ ስጣት። እስከ ከርሞ አረፋ ስጣት።»

ተረጎምኩ። ሰብሳቢዋ አሠራሩ እንዲህ አይደለም ልትል አፏን ስትከፍት ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

«እኔ ደግሞ ምስክር ነኝ» አሉ። «ከዚህች ልጅ ሥጋ አልበላም፤ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም። ዛሬም ጾሜን ነው የቆምኩት። ቀኑን ሙሉ የምውለው መስታወት ውስጥ ብቻዬን ነው፤ ሰው በመስኮት እጄን ያያል እንጂ ፊቴን አያየኝም። ከሥራ ስወጣ ከሰው ጋር የምቀመጥበት ያ ሱቅ ነው። እሱ ከተዘጋ የት ልሂድ?»

ይህንንም ተረጎምኩ። ጋሼ ይህን ያህል ነገር በልባቸው እንዳለ አላውቅም ነበር። ለሽሮው የሚመጡ ነበር የሚመስለኝ።

ኢንስፔክተሩ ተነሣ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ደንቡ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ጊዜ እንድሰጥ ይፈቅድልኛል አለ፤ ባለሱቁ እቀይራለሁ ብሎ ቃል ከገባ። እስካሁን ጠበቃ ያመጣብኝ አለ፣ የጮኸብኝም አለ፣ ጊዜ ስጠኝ ያለኝ ግን የለም አለ። «የጮኸብኝ» ሲል ወደ እኔ አላየም፤ ጨዋ ሰው ነው። ከዚያ አባባን ጠየቃቸው፤ «ይህ ሕግ ቢያልፍስ? ያኔ እኔ ላስገድዳት አልችልም። ያኔም ትቀይራለች?»

አባባ ወደ እኔ ዞር እንኳን ሳይሉ «ትቀይራለች» አሉ። «ሕጉ ቢያልፍም ባያልፍም።»

ተመልከቱ እንግዲህ! ጠበቆቹ ሁሉ እኔን ከዚህ ጣጣ ነፃ ለማውጣት ነው የሚደክሙት፤ እሳቸው ደግሞ እኔኑ መልሰው አሰሩኝ። አስተርጓሚዋም እኔ ነኝ። ክፍሉ በሙሉ አፌን ይጠብቃል። «ታስብበታለች» ብዬ መተርጎም እችል ነበር፤ ማን ያውቃል? አባባ አያውቁ፣ ኢንስፔክተሩ አያውቅ።

«ተርጉሚ እንጂ» አሉኝ አባባ።

ተረጎምኩ። ቃል በቃል። ኢንስፔክተሩ «እንግዲያው ዓመቱን ሰጥቻታለሁ» አለ። ይህን ስነግራቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይተው፣ ወንበር ስበው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ ወደ ጸሐፊዋ ዞራ «በቃለ ጉባኤው ይያዝ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል» አለች። እንደዚያ ቀን የሳቀ ክፍል አይቼ አላውቅም።

በባቡር ስንመለስ ግን አልሳቅኩም። «አባባ፣ እንዴት በእኔ ቃል ይገባሉ? ምን ገንዘብ አላት ብለው ነው?» አልኳቸው። ጋሼ በመስኮት ያያሉ። አባባ «አብሽሪ» አሉኝ። «ዓመት ረጅም ነው።» አብሽሪ ሲሉኝ እንዴት እንደሚያናድደኝ!

አረፋ ደረሰ። ኩለሩ እስከ በሩ ሞላ፤ ሥጋ የሚሰቀልበት ቦታ ጠፍቶ ሰው ተሰልፎ ጠበቀ። እጄ ከቢላዋ ሳይለይ ዋለ። አልሐምዱሊላህ ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ሕጉም አለፈ። እኛ ብንሄድም ባንሄድም ያልፍ ነበር፤ ክራቫት ያሰሩት ሰዎች ብዙ ነበሩ። በጁላይ መካኒኩ እየጨፈረ ሱቅ ገባ። «ነፃ ወጥተሻል! ይቺን ማሽን ገና አሥር ዓመት እነዳልሻለሁ!» አለኝ። ባሌም «ተገላገልን» አለ።

አባባ ብቻ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ቀጠሉ። እኔ ነኝ ነገር የጀመርኩት። «ሕጉ ነፃ አውጥቶኛል አይደል አባባ?» አልኳቸው።

«ሕጉ የከተማውን እጅ አሰረ እንጂ የእኔን ቃል አልፈታም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳን አላነሱብኝም። ክረምቱ ሲገባ ብርዱ ወገባቸውን ያዛቸውና ወደ ኮምቦልቻ ተመለሱ፤ ሴት ልጃቸው ቤት፣ የባሌ እህት ዘንድ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ቤንዚን ስቀዳ ኢንስፔክተሩን ማደያው ላይ አገኘሁት። እጁን አንስቶ ሰላም አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ። ስለ ኩለሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢጠይቀኝ ኖሮ እጣላውና ይወጣልኝ ነበር። አልጠየቀኝም። ቃሉ የአባባ ይሁን፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የተሰማው ድምፅ ግን የእኔ ነበር። ይህን ሸሽቼ የት እደርሳለሁ?

እንግዲህ ቀየርኩት። ባሌ መጀመሪያ አበድሽ አለኝ፤ ከዚያ ትርፍ ሰዓት መንዳት ጀመረ። ጋሼ የእቁብ እጣቸው ወጥቶ ሳለ ለእኔ ለቀቁልኝ። «ከሥጋሽ ባልበላ ከብርዱ ልካፈል» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው አላህ ከየት ያመጣል? መካኒኩ እያጉረመረመ አሮጌውን ጋዝ በሲሊንደሩ ጠብ ሳያደርግ ቀዳው፣ አዲሱን ማሽን ተከለ። ከአረፋ በፊት አለቀ። ሕጉንም አመሰግነዋለሁ፤ እውነቴን ነው። ሕጉ ባይወጣ በፍርሃት ነበር የምቀይረው። ማንም ሊነካኝ በማይችልበት ጊዜ ወድጄ መቀየሬ ግን ለራሴ ያለኝን ግምት ከፍ አደረገልኝ።

ለአባባ ደወልኩ። «ተቀየረ አባባ» አልኳቸው።

«ለሰውዬው ነግረሽዋል?»

«ለምን እነግረዋለሁ? አሁን አያገባውም እኮ።»

«እንዴ! የታረቀ ሰው እንዴት አያገባውም?» ብለው ተቆጡ። «ሂጂ ንገሪው!»

በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ ወደ ከተማው ቢሮ ሄድኩ። ኢንስፔክተሩ ሲያየኝ ክስ ያመጣሁበት መስሎት ብድግ አለ። «ኩለሩን ቀየርኩት» አልኩት። አልገባውም። ደገምኩለት። ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ማድረግ የለብሽም ነበር» አለኝ። «ሕጉን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

ከዚያ የሆዱን አጫወተኝ። ሕጉ ሲያልፍ ሦስት ዓመት የደከመበት ደንብ በአንድ ቀን ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ ምንም ያልሠራ ሰው ያህል ተሰምቶት ከርሟል። በከተማው ካሉት ሱቆች አንዱም አልቀየረም። «አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ። ዓይኑ እንባ ያዘ መሰለኝ። «አባትሽ የት አሉ?»

ሀገራቸው ገብተዋል አልኩት። ላመሰግናቸው እችላለሁ ወይ አለኝ። የስልክ ካርዴን አወጣሁና በቢሮው ስልክ ኮምቦልቻ ደወልኩ። እዚያ አመሻሹ ላይ ነበር። ስልኩን በድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው።

«አባባ፣ ሰውዬው ጋ ነኝ። እያመሰገነዎት ነው።»

«የቱ ሰውዬ? ረጅሙ?» አሉ። ሳቃቸው ቢሮውን ሞላው። «በይ እጁን ይዘርጋ፤ ዱዓ ላደርግለት ነው። አሚን በል በይው።»

ነገርኩት። ያ አንገቱን የሚቆልፍ ሰውዬ ሁለት መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አላህ ዕድሜህን ያርዝመው!»

ተረጎምኩ። «ኤይሜን» አለ በአሜሪካኛው።

«ልጆችህን ያሳድግልህ! ወጥተህ በሰላም ግባ!»

«ኤይሜን።»

«የምትጨነቅለት ሰማይ ዝናቡን አይንሳህ! የለፋህበትን አላህ ይይልህ፣ ሰው ባያይልህም!»

ይቺን መተርጎም አቃተኝ። አባባን አመሰገንኩ፣ ይህን ሰውዬ አመሰገንኩ፣ ጋሼን አመሰገንኩ፤ ሁሉንም በሆዴ። ኢንስፔክተሩ መዳፉን እንደዘረጋ ጠበቀኝ። ትርጉሙ እስኪመጣለት አልቸኮለም። በመጨረሻ እንባዬን ጠርጌ እንደምንም ነገርኩት። እሱም ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰ።

«ምን አለ?» አሉ አባባ።

«አሚን ብሏል አባባ።»

«ጎበዝ። ሱቁን ማን ይዞልሻል?»

«ማንም። ዘግቼ ነው የመጣሁት።»

«ዘግተሽ?» ብለው ጮኹ፤ ኢንስፔክተሩ ደነገጠ። «አረፋ ሊገባ ሱቅ ተዘግቶ ይዋላል? በይ ሂጂ፣ ክፈቺ!»

ሄጄ ከፈትኩ።